ስለ ሉል ያነበብኩት ግማሽ ገጽ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። ስም አልጠራም። ስም ሲጠራ አንባቢ ወደ ባለ ስሙ ቤት ያያል እንጂ ወደ ራሱ ቤት አያይም።

የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ሐዋሳ ውስጥ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ከአንድ ፋርማሲ በረንዳ ጥግ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ሰዓት እጠግናለሁ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ራሴ አንብቤ ነው፤ በዚህም ከሚገባው በላይ እኮራ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ለብዙ ዓመት ሽማግሌ ሆኜ አገልግያለሁ።

ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ዝምተኛ ሴት ናት። በጣም ስትናደድ ግን አማርኛውን ትተወውና በሲዳሙ አፎ ትናገራለች። ያን ጊዜ እኔ ዝም እላለሁ።

ሦስተኛዋ ልጃችን ናት። ሌላ ልጅ የለንም።

አራተኛው እሷን ያገባት ሰው ነው፤ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ፣ ሳቂታ፣ በእኛው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ የነበረ።

አምስተኛው በዩኒቨርሲቲ ስለ ዓሣና ስለ ውኃ ፍጥረት የሚያስተምር መምህር ነው። የአባቱን ሰዓት ሊያሠራ መጥቶ በዚያው ደንበኛዬ ሆነ። እሱ በዚህ ነገር ምንም ጥፋት የለበትም። እኔ ስላስገባሁት ነው የገባው።

ከሰዎቹ ሌላ አንድ ወረቀት አለ። ከወረቀቱ ልጀምር።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስጃት ጥብስ ዓሣ ገዛሁላት። ሻጯ ዓሣውን የጠቀለለችበት ወረቀት ከአንድ የድሮ የሳይንስ መጽሐፍ የተቀደደ ገጽ ነበር። እኔ የታተመ ነገር ሳላነብ አልጥልም፤ ብዙውን እውቀቴን ያገኘሁት ሰው ከጣለው ወረቀት ነው። ልጄ ዓሣዋን ስትበላ እኔ ዘይቱን በመሐረቤ እየጠረግሁ አነበብኩ።

ገጹ ስለ ሉል ነበር፤ ስለዚያ ከዛጎል ውስጥ ስለሚወጣው ነጭ ክብ ዕንቁ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ባለ ሁለት ክዳኑ ዛጎል ውስጥ ትገባለች ይላል። ዛጎሉ እጅ የለው፣ አያወጣት፤ ትቆረቁረዋለች። ስለዚህ ከገላው በሚያመነጨው አብረቅራቂ ነገር ይሸፍናታል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ይደርብበታል፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ የቆረቆረችው ቅንጣት ነገሥታት የሚያጌጡባት ሉል ትሆናለች። ከግርጌው ላይ «ይሁን እንጂ ይህ» የሚል ነበር። ከዚያ በታች ወረቀቱ ተቀዷል።

ለልጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ማኘኳን አቆመች።

«አባ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሉል ሆነ።»

«‹ይሁን እንጂ› ይላል እኮ።»

«የሚቀረው ትርፍ ነገር ነው። ዋናው አልቋል።»

እንዲህ ነበር ያልኳት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያየችውን ጉድለት እኔ አላየሁም። እውነቱን ለመናገር ግን አይቼዋለሁ፤ አልፈለግሁትም። የቀረው ተጨምሮበት እንዲበላሽብኝ የማልፈልገው ስብከት አግኝቼ ነበር። ሰው ራሱን ሲያስተምር ትልቁ አደጋው ይህ ነው፤ ደስ ያለው ቦታ ላይ መጽሐፉን ይዘጋል፣ «ተሳስተሃል፣ ቀጥል» የሚለው አስተማሪ የለውም።

ያን ወረቀት አጥፌ ሰዓት የምጠግንበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲያ ልጄን ያሳደግኋት በእሱ ነው። ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ፣ «ታገሺ፣ ሉል ይሆናል» እላታለሁ። መምህሯ ያለ ጥፋቷ ሲገርፋት፣ «ዛጎሉ ምን አደረገ?» እላታለሁ። እሷም እያለቀሰች፣ «ሸፈነው» ትላለች። ጥርሷን አሟት ሁለት ቀን ስታቃስት እንኳ ይህንኑ ብያታለሁ። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት የወሰደቻት እናቷ ናት።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቄ ትመጣለች። በርጩማው ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አንድ ሰዓት ጠግኜ ስጨርስ ለእሷ እሰጣታለሁ፤ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። በቀኝ እጇ እርሳስ ስለምትይዝ ሁልጊዜ በግራ እጇና በግራ ጆሮዋ ነበር። «ይሄዳል!» ካለችኝ ለባለቤቱ እሰጣለሁ። ዝም ካለች እንደገና እከፍተዋለሁ። ጆሮዋ ከእኔ ዓይን ይበልጥ ነበር። አንድ ቀን በደንብ የሚሄድ የመሰለኝን ሰዓት መልሳ፣ «አባ፣ ይሄ ያነክሳል» አለችኝ። ብከፍተው አንዱ ጥርስ ታጥፎ አገኘሁት።

አድጋ የሂሳብ ሥራ ተማረች፣ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ያ ሳቂታ ሰው ጠየቃት። እሷ ወደደችው፤ እኔም ወደድኩት። በሠርጉ ቀን አባት ይመርቅ ተባለና ተነሥቼ ቆምኩ። ምን እንደተናገርኩ አንባቢ ያውቀዋል። ትዳር ዛጎል ነው፣ የሚቆረቁር ነገር አይጠፋበትም፣ የታገሠ ሉል ይወልዳል አልኩ። ጉባኤው «አሜን» አለ። ሙሽራው ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። ከሁሉም ይልቅ ቃሌን በልቡ ያኖረው እሱ እንደሆነ ያን ዕለት አላወቅሁም።

የሙሽራው እናት ለልጄ ነጭ የአንገት ጌጥ አጠለቁላት፤ ሉል ነው ተባለ። እኔ ደግሞ ካነበብኩት አንዱ ይህ ነው፦ እውነተኛ ሉል ጥርስ ላይ ሲታሽ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል፤ የውሸቱ ይንሸራተታል። ሰው ሳያየኝ አንዱን ፍሬ በጥርሴ አሸሁት። ተንሸራተተ። ምንም አልተናገርኩም፤ ጌጥ ነው፣ ምን ያደርጋል ብዬ። የአንገት ጌጡን እንዲህ የመረመርኩ ሰውዬ፣ ያጠለቀላትን ቤት አንድ ቀን አልመረመርኩም።

በሁለተኛው ዓመት፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፍቼ ሰሞን ነው። ከተማው ሞልቷል፤ ሰው ነጭ ለብሶ ወደ በዓሉ ሜዳ ወደ ጉዱማሌ ይጎርፋል። ልጄ ሻሿን እስከ ጉንጯ ስባ ገባች። እናቷ ሻሹን ገለጠችው። ጉንጯ አብጧል፣ ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«በር መታኝ» አለች።

«በሩ ጣት አለው?» አለች እናቷ። የአራት ጣት ሰንበር ይታያል።

ልጄ ያን ጊዜ አለቀሰችና ሁሉን ነገረችን። የመጀመሪያው አልነበረም። ከሠርጉ ስድስት ወር በኋላ ነው የጀመረው። ቆጣሪ ካርድ ሳይሞላ ቀረ ብሎ ይመታታል፣ ከሥራ ዘገየሽ ብሎ ይመታታል፣ ከዚያ ተንበርክኮ ያለቅሳል።

እኔ የሚገባውን አደረግሁ፤ የሚገባ የመሰለኝን። ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጠርቼ ባልየውን አስመጣሁት። ሳሎን ተቀመጥን፣ ለስላሳ ተቀዳ። እሱ ገና ሳይከሰስ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ የሚቀናው ሰው ነበር፤ ጉልበቴን ይዞ፣ «አባ፣ ሰይጣን ነው፣ ይምቱኝ» አለኝ። ሽማግሌዎቹ ልባቸው ራራ። እኔም ራራሁ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሬ የዛጎሉን ነገር ጀመርኩ።

አንደኛው ሽማግሌ እየሳቀ፣ «እንግዲህ ሉሉ ሲገኝ እኛንም እንዳትረሱን!» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ባልየው ከሁላችን ረዘም አድርጎ ሳቀ።

ልጄ አልሳቀችም። «አባ» አለችኝ፣ «ዛጎሉ አመመኝ ቢል የሚሰማው አለ?»

«እግዚአብሔር ይሰማዋል።»

«አንተስ?»

ፊቴን ወደ ሽማግሌዎቹ አዞርኩ። በሽማግሌ ፊት አባቷን በጥያቄ መያዟ አናዶኝ ነበር። ባለቤቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ በሲዳሙ አፎ ተናገረች። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። «ልጄን የወለድኳት ከሰው ነው፣ ከሐይቅ አልለቀምኳትም» ነበር ያለችው። ያም ሆኖ ልጄ ዕለቱኑ ከባሏ ጋር ተመለሰች። እርቅ ወረደ ተባለ፤ ጸሎቱንም እኔ አሳረግሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ብቻዋን መጣች፤ ወደ ቤት አይደለም፣ ወደ ሱቄ። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ሰዓት አንሥታ እንደ ልጅነቷ ወደ ግራ ጆሮዋ ወሰደችው።

«ይሄዳል» አለች። ቀጥላም፣ «አባ፣ እዚህ ልሁን?»

«ሥራ አለሽ እኮ።»

«ሥራ አላልኩህም። እዚህ ልሁን ነው የምልህ። እጅህ ሥር።»

አልገባኝም ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ገብቶኛል። ነገር ግን ሽማግሌ አስቀምጬ ያስታረቅሁትን፣ በጉባኤ ፊት የመረቅሁትን ትዳር እንዴት ላፍርሰው? ሰው ምን ይለኛል? «አገልጋዩ የራሱን ቤት አላስተዳደረም» መባልን ፈራሁ። ፍርሃቴን ትዕግሥት ብዬ ስም አወጣሁለትና ሱቁን ዘግቼ ባጃጅ ጠራሁ። እጇን ይዤ እስከ ቤቷ በር አደረስኳት።

ባልየው በሩን ከፈተ። «አባ! ይግቡ እንጂ፣ ከበር ይመለሳሉ?» አለ እየሳቀ። ልጄን ትከሻዋን አቀፋትና፣ «ዛጎሌን መለሱልኝ!» አለ።

ቀልድ መስሎኝ እኔም ፈገግ አልኩ። ልጄ አየችኝ። ያን አስተያየቷን አሁንም አያታለሁ፤ ቁጣ አልነበረበትም። ያልተጠገነ ሰዓት መልሳ ስትሰጠኝ እንደምታየኝ ነው ያየችኝ። ከመታት በኋላ ሁልጊዜ የሚጠራት በዚያ ስም እንደነበረ የነገረችኝ ኋላ ነው። «ታገሺ እንጂ፣ አባትሽ ምን ነበር ያሉት?» ይላት ነበር። ዱላው የእሱ ነው፤ ቃሉን ግን ከእኔ ነው የወሰደው።

በዚያው ሰሞን ያ መምህር ሱቄ መጣ። ሰዓት አልያዘም፤ በወረቀት የሣላቸው የትናንሽ መሣሪያዎች ሥዕል ይዟል። ጫፋቸው የታጠፈ ቀጫጭን መንጠቆዎች፣ የምላጭ ያህል የሳሳች ማንኪያ፣ የጣት ጥፍር የምታህል ሽብልቅ።

«ጋሼ፣ የሰዓት ሠሪ እጅ ያስፈልገናል» አለኝ። «ከደቡብ ካለ ሐይቅ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች አምጥተን ሉል ለማብቀል እየሞከርን ነው። የምንከፍትባቸው ዕቃ ግን ወፍራም ሆነብን፤ እየገደልናቸው ነው።»

ይህን ሁሉ ዓመት የሰበክሁትን ነገር በዓይኔ ላየው ነው! ከተሰበሩ የሰዓት ዕቃዎች ብረት እየቆረጥኩ፣ እየሞረድኩ በአንድ ሳምንት ሠራሁለት። ዋጋ አልፈልግም፣ ብቻ ሲሠራ አሳየኝ አልኩት።

ባስረከብኩት ዕለት ከሰዓት በኋላ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ወሰደኝ። ከአንድ ሕንፃ ጀርባ የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ በመረብ ከረጢት የተንጠለጠሉ ዛጎሎች ውኃ ውስጥ ተደርድረዋል። ጥቁር ቡናማ ናቸው፤ ሲያዩአቸው ድንጋይ ይመስላሉ። መምህሩ አንዱን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረና እኔ በሠራኋት ሽብልቅ ክዳኑን ገርበብ አደረገው። ክፍተቱ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል እንኳ አይሆንም። «ከዚህ ካለፈ ጡንቻው ይበጠሳል» አለኝ። አጎንብሼ በሰዓት መነጽሬ አየሁ። ከክዳኑ ሥር እንደ ስስ ሻሽ የተነጠፈ ሥጋ አለ፤ መንጠቆው ሲነካው ተሰበሰበ።

መምህሩ ከጎኑ ሌላ ዛጎል ነበረው። ያንን በቢላዋ ለሁለት ከፈለው። ከዚያ ሻሽ ከመሰለው ሥጋ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ቆረጠና የቀረውን ባልዲ ውስጥ ጣለው።

«ያኛውስ?» አልኩ።

«እሱ ሰጪው ነው፤ አለቀለት።»

ከዚያ የመጀመሪያውን ዛጎል ገላ በምላጭ ሰነጠቀ፤ በስንጥቁ ከዛጎል ክዳን ተሞርዳ የተሠራች ክብ ፍሬ አስገባ፤ ያችን የሟቹን ቁራጭ ሥጋ አጠገቧ አስጠጋ። ሽብልቁ ሲወጣ ክዳኑ ተዘጋ። ከውጭ ሲያዩት ምንም የደረሰበት አይመስልም።

«አሸዋውስ የታለ?» አልኩት።

ሳቀ። «ጋሼ፣ የምን አሸዋ?»

የወረቀቴን ቃል በቃሌ ወጣሁለት፤ ስንት ዓመት የደገምኩት ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትገባለች ብዬ ጀምሬ እስከ ነገሥታቱ ጌጥ ደረስኩና «ይሁን እንጂ ይህ» ላይ ቆምኩ።

«ይሁን እንጂ ይህ ትክክል አይደለም» አለ መምህሩ እየቀለደ። «እንደዚያ ሊል ነበር ማለት ነው መጽሐፉ! ዛጎል እኮ ኑሮው ጭቃና አሸዋ ውስጥ ነው። አሸዋ መትፋት ያውቅበታል፤ በአሸዋ ሁሉ ሉል ቢሠራ ሐይቁ ሉል በሆነ ነበር።»

«ታዲያ ከምን ነው?»

«ከቁስል። ትል ሲበሳው፣ ወይም አንድ ነገር ነክሶት ክዳኑ ሲሰበር፣ የዚያ የላይኛው ሥጋ ፍርፋሪ ወደ ውስጥ ይገፋል። ቦታውን የሳተ ሥጋ ነው። እዚያው እንደ ከረጢት ሆኖ ያድጋል፤ ክዳን መሥራት ብቻ ስለሚያውቅ በከረጢቱ ውስጥ ክዳኑን ይሠራል። ያ ነው ሉል። እኛ ደግሞ ትሉን አንጠብቅም፤ ራሳችን እናቆስለዋለን።»

«ሁሉም ይሠራል?»

«የት! ብዙው በመጀመሪያው ሳምንት ይሞታል። ከተረፈው አንዳንዱ ፍሬውን ይተፋል። አንዳንዱ ደግሞ ጎባጣ ነገር ይሠራል። ጥሩ ሉል ከስንት አንድ ነው፤ እሱንም ለማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ዛጎሉን መግደል ነው።»

«ሉሉ ለዛጎሉ ምን ይጠቅመዋል?»

መምህሩ መሣሪያዎቹን ሲያጥብ ቀና ብሎ አየኝ። ጥያቄዬ ከሥራው ውጭ መሆኑ የገባው መሰለኝ። «ምንም» አለ። «ለእሱ የቁስሉ መክደኛ ነው። ባይቆስል ይሻለው ነበር። ሉል የሚያምረው ለእኛ ነው ጋሼ።»

በእግሬ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ሄጄ ልጄን ላምጣት። ይህን ያሰብኩት በግልጽ ነው፤ ልክ እንደ ትእዛዝ።

አልሄድኩም።

ከዚህ በላይ የሚያሳፍረኝ ነገር ስለሌለ በትክክል ልጻፈው። መጀመሪያ ወደ ሱቄ ሄድኩ። መሳቢያውን ከፍቼ ያን ወረቀት አየሁት፤ ዘይቱ ቢጫ ሆኗል። ዛሬ ብሄድ ምን እላለሁ አልኩ። ሽማግሌዎቹን ሳልጠራ እንዴት? በሰው ፊት የተናገርኩትን በሰው ፊት ሳልመልስ እንዴት? ደግሞ እሑድ ቅርብ ነው፤ ከአምልኮ በኋላ በሥርዓቱ ይሆናል። አንድ ሰዓት ለመጠገን ጀምሬ ስለነበር እሱን ጨረስኩ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛውም አለፈ። እውነትን ባወቅሁበትና ባደረግሁበት መካከል ሦስት ቀን አለ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የልጄ ጎረቤት ለባለቤቴ ደወለች። ባለቤቴ ሱቄ ድረስ ነጠላዋን በእጇ ይዛ ሮጣ መጣች። በአማርኛም በሲዳሙ አፎም አልተናገረችም። ክንዴን ብቻ ያዘች።

ልጄን ያገኘናት አልጋ ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን ነበር የመታት፤ በመዳፉ፣ ጆሮዋ ላይ። ጥፊ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም ይላል እሱ። ከዚያ በር ቆልፎ ሥራ ዋለ። ጆሮዋ ደምቶ፣ መግል ይዞ፣ ትኩሳት አንገብግቧት ነበር። በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ መረመራት። ታምቡሩ ተቀዷል፣ ጉዳቱ ወደ ውስጥም ዘልቋል፣ ያ ጆሮ ከእንግዲህ አይሰማም አለን።

ወደ ውጭ ተከትዬው ወጣሁ። «በተመታች ዕለት ብትመጣ ኖሮ?» አልኩት።

«ይሻል ነበር» አለኝ።

«በዋዜማው ከዚያ ቤት ብትወጣስ?»

ግር ብሎት አየኝ። «እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም አባት» አለኝ፤ በደግነት ነው ያለው።

ግራ ጆሮዋ ነው።

ልጄን ወደ ቤታችን አመጣናት። ባልየው ሽማግሌ ላከ፤ እነዚያኑ ሁለቱን። አንደኛው ገና ሳይቀመጥ ስለ ትዕግሥት ሲጀምር እጄን አነሣሁ። በሚቀጥለው እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሜ፣ በዚያ ሠርግ ላይ የተናገርኩት ውሸት ነበር፣ ሳላነብ ነው የሰበክሁት፣ የታዘዛችሁኝ ካላችሁ አትታዘዙኝ አልኩ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። አንዳንዶቹ ሰውዬው ልጁን ካበላሸ በኋላ ጉባኤውን ሊያበላሽ ነው ብለው አጉረመረሙ። ሽማግሌነቱን በዚያው ተውኩት። በኋላም አንዲት ባለትዳር ሴት በሱቄ በኩል ስታልፍ ቆማ፣ «ጋሼ፣ እሑድ ያሉትን ቀድመው ቢሉት ኖሮ» አለችኝና ሄደች። ስለራሷ ይሁን ስለ ልጄ አልጠየቅኋትም።

ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ መምህሩ ሱቄ ብቅ አለ። ከኪሱ በጥጥ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አብዛኞቹ ዛጎሎች ሞተዋል፤ የተረፉትን ከፍተው አንድ ብቻ አግኝተዋል። ጎባጣ ናት፤ የምስር ፍሬ ሁለት እጥፍ ትሆናለች፤ ወደ ሮዝ የሚያደላ ብርሃን አላት። ታምራለች፤ ይህንን መካድ አይቻልም። «መሣሪያዎቹን የሠሩት እርስዎ ነዎት፣ ይውሰዷት» አለኝ።

ወደ ቤት ይዣት ሄድኩ። ለምን ለልጄ እንደሰጠኋት እስካሁን አላውቅም። ይቅርታ መጠየቂያ ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ይመስለኛል፤ በቃል ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ፣ «እሺ አባ» ብላኛለች፤ ከዚያ በላይ አላለችም።

ልጄ ሉሏን ተቀብላ ወደ ጥርሷ ወሰደቻት። በቀስታ አሸቻት። ያን ሙያ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«እውነተኛ ናት» አለች። ቆይታም፣ «ስንት ዛጎል ሞተ?» አለችኝ።

«ከስድሳ በላይ።»

«ብዙ ነው» አለችና መዳፌ ላይ መለሰችልኝ።

አሁን ከእኛ ጋር ትኖራለች፣ ሥራዋን ትሄዳለች። ከእናቷ ጋር ትስቃለች፤ ከጓዳ እሰማታለሁ። ገበታ ላይ ግን ሁልጊዜ በእኔ በቀኝ በኩል፣ ግራ ጎኗን ለእኔ ሰጥታ ትቀመጣለች። መጀመሪያ አጋጣሚ መሰለኝና ወንበር ቀየርኩ። እሷም ቀየረች። ስናገር ትሰማኝ እንደሆነ አላውቅም፤ እንድትሰማኝ የመጠየቅ መብቴን እዚያ ደጃፍ ላይ፣ ባጃጁ ሲጠብቀኝ፣ ጥዬዋለሁ።

የሁላችንንም ድምር ልጻፍና ልጨርስ። ባልየው ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ እዚያም መዘምራን ውስጥ ነው ይባላል፤ ከሁላችን ያነሰ የከፈለ እሱ ነው። መምህሩ ስድሳ ምናምን ዛጎል ከፈለ፤ ሙከራውንም ትቶታል። ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረውን ሰው ከፈለች፤ ምግቤን ታቀርባለች፣ ዓይኔን አታይም። እኔ ቃሌን ከፈልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ለማንም ምክር አልሰጥም፤ ቢጠይቁኝም «እስከ መጨረሻው አንብቡ» ከማለት ሌላ የለኝም። ልጄ ሁለት ዓመትና አንድ ጆሮ ከፈለች። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስትመለስ ሱቄ ጎራ ብላ ነበር፤ ለእናቷ መድኃኒት ልትገዛ ፋርማሲው ጋ መጥታ ነው። ጠግኜ ያስቀመጥኩትን ሰዓት ሳታስበው አነሣችና በግራ እጇ ወደ ግራ ጆሮዋ ወሰደችው። ዓይኗን ጨፈነች። ጥቂት ቆየች። ከዚያ ሰዓቱን ወደ ቀኝ እጇ አዛወረችና በቀኝ ጆሮዋ አዳመጠች፤ መልሳም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ይሄዳል ወይስ አይሄድም፣ አልነገረችኝም።